ሲጋራ ማጨስን የመከልከል ሥልጣንና ወሰኑ

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር ወር 2011 ዓ.ም. ያጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ስለ ትምባሆ የያዛቸው ድንጋጌዎች በአህጉሩ ጠንካራ ከሚባሉት መካከል የሚመደቡ ናቸው። በአዋጁ መሠረት በማንኛውም የተከለለ የሥራ ቦታ፣ ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቤቶች ውስጥና በሕዝብ ማመላለሻ ላይ ማጨስ ክልክል ነው። ክልከላው በግድግዳ ሳይወሰን ከእነዚህ ቦታዎች በር፣ መስኮትና አየር ማስገቢያ በ10 ሜትር ርቀት ውስጥ ያለውን ደጅ ይጨምራል። ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትምባሆ መሸጥ፣ ሲጋራን በፍሬ መቸርቸር፣ ሺሻና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ለገበያ ማቅረብ የተከለከለ ሲሆን፣ የሲጋራ ፓኬት ገጽ 70 በመቶ በማስጠንቀቂያ ሥዕልና ጽሑፍ እንዲሸፈን ተደንግጓል።

ይህን መሰል ሕግ በወጣበት አገር ሁሉ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። ሲጋራ በሕግ ተፈቅዶ የሚሸጥ፣ ግብር የሚከፈልበት ዕቃ እስከሆነ ድረስ መንግሥት ገዥውን "እዚህ አታጭስ" የማለት ሥልጣኑ ከየት ይመነጫል? ሥልጣኑ ካለስ የት ላይ ያበቃል? ጥያቄው የሲጋራ አምራቾችና የመጠጥ ቤት ባለቤቶች መከራከሪያ ብቻ ተደርጎ ሊታለፍ አይገባውም። ሕጉን በየዕለቱ የሚያስፈጽመው ተቆጣጣሪ፣ የደንብ አስከባሪና የመሥሪያ ቤት ኃላፊ መልሱን በግልጽ ካላወቀ፣ ጥብቅ መሆን በሚገባው ቦታ ሲለሳለስ፣ እጁን መሰብሰብ በሚገባው ቦታ ደግሞ ሲጋፋ ይገኛልና።

መልሱ የሚጀምረው ሁለት ጉዳቶችን ከመለየት ነው። አንደኛው አጫሹ በራሱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ሁለተኛው እርሱ ያወጣውን ጭስ ሳይወድ በሚተነፍሰው ሰው ላይ የሚደርሰው ነው። የማጨስ ክልከላ ሕጎች በመላው ዓለም የቆሙት በሁለተኛው ላይ ነው። ይህ መሠረት ደግሞ የተጣለው በአንድ ቀን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 ጃፓናዊው የጤና ተመራማሪ ታኬሺ ሂራያማ የሚያጨሱ ባሎች ያሏቸው፣ ራሳቸው ግን የማያጨሱ ሚስቶች በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ መሆኑን የሚያሳይ ጥናት አወጡ። ጥናቱ ብዙ ክርክር አስነስቷል። ተከታዮቹ ምርምሮች ግን ግኝቱን እያጠናከሩት ሄደው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካ የጤና ጉዳዮች ዋና ሐኪም ባወጡት ሪፖርት ለሌላ ሰው የሲጋራ ጭስ መጋለጥ "ጉዳት የለውም" የሚባልበት ዝቅተኛ መጠን እንደሌለ ተረጋገጠ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ሳያጨሱ በሌሎች ጭስ ምክንያት የሚሞቱ ሰዎች ቁጥር በዓመት ከ1 ሚሊዮን በላይ ነው።

ከክልከላው በኋላ የታየው ውጤትም ከዚህ የሚስማማ ነው። ስኮትላንድ በመጋቢት 2006 እ.ኤ.አ. በተከለሉ የሕዝብ ቦታዎች ማጨስን ስትከለክል፣ ተመራማሪዎች በ9 ሆስፒታሎች በድንገተኛ የልብ ሕመም የሚገቡ ሕሙማንን ከሕጉ በፊትና በኋላ በነበሩት ተመሳሳይ 10 ወራት መዝግበው አነጻጸሩ። ቁጥሩ ከ3 ሺህ 235 ወደ 2 ሺህ 684 ዝቅ ብሏል፤ ይህም 17 በመቶ ቅናሽ መሆኑ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን ከቅናሹ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው በማያጨሱ ሰዎች የተመዘገበ መሆኑ ነው። ሕጉ በቅድሚያ የጠበቀው ያልመረጠውን ሰው ነበር።

ይህን አመለካከት በሕግ አወጣጥ ረገድ ከሁሉ ቀድማ በአገር አቀፍ ደረጃ ተግባራዊ ያደረገችው አየርላንድ ናት። መጠጥ ቤት የማኅበራዊ ኑሮ ማዕከል በሆነባት በዚያች አገር ከመጋቢት 29 ቀን 2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተከለሉ የሥራ ቦታዎች ማጨስ ተከለከለ። በወቅቱ የጤና ሚኒስትር የነበሩት ሚሼል ማርቲን ከመጠጥ ቤት ባለቤቶች ብርቱ ተቃውሞ ገጥሟቸው ነበር። ባለቤቶቹ ደንበኛ ይሸሻል፣ ንግድ ይዘጋል ሲሉ ተከራከሩ። ሚኒስትሩ ክርክሩን ያሸነፉት ስለ ደንበኛው በመናገር አልነበረም፤ ጉዳዩን የሠራተኛ ደኅንነት ጉዳይ በማድረግ ነው እንጂ። ደንበኛ ጭስ ከበዛበት ተነስቶ መውጣት ይችላል። ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ በቀን 8 ሰዓት የሚቀዳው አሳላፊ ግን መውጫ የለውም፤ ቢወጣ እንጀራውን ነው የሚያጣው። የመጠጥ ቤት ሠራተኞች የተደራጁበት የሠራተኛ ማኅበርም ከሕጉ ጎን ቆመ።

የአየርላንድ ሕግ ተግባራዊ ከሆነ በኋላ በደብሊን በ42 መጠጥ ቤቶች በተካሄደ ልኬት በአየር ላይ የሚንሳፈፈው ደቃቅ ብናኝ 83 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። በመጀመሪያው ዓመት ቁጥጥር ከተደረገባቸው የሥራ ቦታዎች 94 በመቶ ያህሉ ሕጉን አክብረው መገኘታቸውም ተገልጿል። ይህ የሆነው በየመጠጥ ቤቱ ፖሊስ በማቆም አይደለም። ሕጉ ኃላፊነቱን በቤቱ ባለቤት ላይ በመጣሉና እስከ 3 ሺህ ዩሮ የሚደርስ ቅጣት በማስቀመጡ ባለቤቱ ራሱ ተቆጣጣሪ ሆነ፤ ደንበኛውም ደንበኛን መገሠጽ ጀመረ።

በዚሁ ሕግ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነሳ ሌላ ነገር አለ። ሕጉ እስር ቤቶችን፣ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎችን፣ የአረጋውያን መጦሪያዎችንና የሆቴል መኝታ ክፍሎችን ከክልከላው ውጭ አድርጓቸዋል። ሥፍራዎቹ ለሠራተኛው የሥራ ቦታ ቢሆኑም ለሚኖርባቸው ሰው ቤት ናቸው ከሚል እሳቤ የመጣ ነው። ሁሉም አገር በዚህ አይስማማም። ቢሆንም ሕግ አውጪው የሥልጣኑን ዳርቻ በገዛ እጁ ማስመሩ ሕጉን አላዳከመውም።

በኢትዮጵያም ዳርቻው ያለ ምልክት የተተወ አይደለም። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 44 ደግሞ ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አላቸው ይላል። የማጨስ ክልከላው ከእነዚህ ከሁለቱ ይመነጫል ቢባል ስሕተት አይሆንም። በሌላ በኩል አንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና የመኖሪያ ቤትን ከመንግሥት ጣልቃ ገብነት ይጠብቃል። ይህ መብት ሊገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠር፣ ዝርዝር ሕግ ሲኖርና ጤናን መጠበቅን ወይም የሌሎችን መብት ማስከበርን ለመሳሰሉ ዓላማዎች ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ አዋጁ የአንድን ሰው ሳሎን አልነካም፤ የብዙ ሰዎች መኖሪያ የሆነ ሕንፃ የጋራ መጠቀሚያን ግን ከልክሏል። የኮንዶሚኒየም ደረጃና ኮሪደር የማንም ሳሎን አይደለም። በአራተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ የተለኮሰ ሲጋራ ጭሱ በአምስተኛው ፎቅ ለሚኖረው ሕፃን ይደርሳል።

ሳሎኑ ራሱስ? በዚያ ያለችው ሚስት፣ ልጅና የቤት ሠራተኛ የሚተነፍሱት አየር ከመጠጥ ቤት አሳላፊው አየር የተሻለ አይደለም። የሂራያማም ጥናት የተካሄደው በቤት ውስጥ ስለሚተነፍሰው ጭስ ነበር። ከጤና አንጻር ብቻ ቢታይ ክልከላው ከሁሉ በፊት መግባት የነበረበት ወደ ቤት ነው። የማይገባው ጉዳቱ አነስተኛ ስለሆነ ሳይሆን፣ ለማስፈጸም የሚያስፈልገው በር የማንኳኳት ሥልጣን ከጭሱ ያልተናነሰ ጉዳት ስላለው ነው። እዚህ ላይ ሕግ ይቆምና ሥራው ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ለትምህርት ቤትና ለቤተሰብ ይተላለፋል።

መንግሥት ይህን ዳርቻ አልፎ አጫሹን ራሱን ለማሳደድ ሲነሳ ምን እንደሚከተል ከታሪክ ብዙ ምሳሌ ማቅረብ ይቻላል። የኦቶማን ሡልጣን ሙራድ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1633 ትምባሆን በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርገውት ነበር። በአገራችንም ቤተ ክርስቲያን ትምባሆን ስታወግዝ የኖረች ሲሆን፣ ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ በዘመነ መንግሥታቸው ትምባሆን መከልከላቸው ይታወቃል። በዚያ ዘመን የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ቅጣቱ አካል እስከ መቁረጥ ይደርስ እንደነበር ጽፈዋል። ይህን ያህል የከበደው ቅጣት በሁለቱም አገሮች ትምባሆን አላጠፋም። በኢስታንቡል ትምባሆ ኋላ ተፈቅዶ ግብር የሚሰበሰብበት ዕቃ ሲሆን፣ በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1942 የትምባሆ ሞኖፖል ተቋቁሞ መንግሥት ራሱ ሻጭ እስከ መሆን ደረሰ።

ለዛሬ የሚቀርበው ምሳሌ የቡታን ነው። ትንሿ የሂማላያ አገር እ.ኤ.አ. በ2004 ማብቂያ ላይ በግዛቷ ውስጥ የትምባሆ ሽያጭን ሙሉ በሙሉ በመከልከል ከዓለም ቀዳሚ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሕግ ደግሞ አንድ ሰው ለራሱ ያስገባውን ጥቂት ትምባሆ ግብር የከፈለበትን ደረሰኝ ይዞ ካልተገኘ እንደ ከባድ ወንጀለኛ እንዲታይ አደረገ። በተከታዩ ዓመት አንድ ወጣት መነኩሴ ዋጋው ከ3 ዶላር የማይበልጥ የሚታኘክ ትምባሆ ይዞ በመገኘቱ 3 ዓመት እስራት ሲፈረድበት ሕዝቡ ተቆጣ። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2012 ተሻሻለ። ሲጋራው ግን በሕንድ ድንበር በኩል በኮንትሮባንድ መግባቱን አላቋረጠም ነበር። የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ የቡታን መንግሥት ድንበር የሚሻገሩት ኮንትሮባንዲስቶች በሽታውን ይዘው እንዳይገቡ ሲሰጋ፣ ሽያጩን በመንግሥት መደብሮች በኩል በጊዜያዊነት ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ2021 ክልከላው በሕግ ተነሳ። ለጤና ሲባል የወጣ ሕግ ለጤና ሲባል መሻሩ ነው። በተከለሉ የሕዝብ ቦታዎች ስለማጨስ ቡታን ያወጣችው ክልከላ ግን አብሮ አልተነሳም።

የኒውዚላንድ ጉዳይ ከዚህ ጥቂት ይለያል። እ.ኤ.አ. ከ2009 መባቻ ወዲህ ለተወለዱ ሰዎች ሲጋራ ለዘለቄታው እንዳይሸጥ የሚደነግገው የ2022ቱ ሕግ በሥራ ላይ ሳይውል መንግሥት ተቀይሮ በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ተሽሯል። እዚያ የተሰናከለው በአፈጻጸም ሳይሆን በፖለቲካ ስለሆነ ሕጉ ይሠራ ነበር ወይም አይሠራም ብሎ ለመፍረድ አይቻልም።

እንግዲህ የኢትዮጵያ አዋጅ በዚህ ሚዛን ሲታይ አብዛኛው ክፍሉ በጠንካራው መሬት ላይ የቆመ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ2006 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 822/2006 ያጸደቀች ሲሆን፣ ስምምነቱ አባል አገሮች ሕዝባቸውን ከትምባሆ ጭስ እንዲጠብቁ ያስገድዳል። ሌላም ምቹ ሁኔታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው አገር አቀፍ የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል የትምባሆ ተጠቃሚዎች 5 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል፤ ከወንዶች 8.1 በመቶ፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ። አየርላንድ ከሕዝቧ ሩቡን ያህል አጫሽ ይዛ የተወጣችውን፣ ከ20 ሰው አንዱ ብቻ የሚጠቀምባት አገር ለመወጣት ሊከብዳት አይገባም።

ክልከላውን በማለዘብ ለአጫሾች የተለየ ክፍል ይፈቀድ የሚለው ሐሳብ በሆቴል ባለቤቶች ዘንድ ይደመጣል። ምክንያታዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ጉዳዩ የሕግ ሳይሆን የአየር ነው። የአሜሪካ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማዘዋወሪያ መሐንዲሶች ማኅበር፣ ማለትም የአየር ማስወጫ መሣሪያ ቢሸጥ የሚጠቀሙት ባለሙያዎች ራሳቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት የአቋም ሰነድ በቤት ውስጥ የጭስን የጤና ጉዳት ለማስወገድ የሚያስችለው ብቸኛ ዘዴ ማጨስን መከልከል መሆኑን ገልጸዋል። ያ ክፍል ቢኖርም ገብቶ የሚያጸዳው፣ ብርጭቆ የሚሰበስበው ሠራተኛ ነው።

አዋጁ የሚቸገረው ከግድግዳው ሲወጣ ነው። የ10 ሜትሩ ድንጋጌ ሰፊ ግቢ ባለው ሆስፒታል ወይም ሆቴል በሚገባ ይሠራል። በመርካቶና በሌሎች የንግድ መንገዶች ግን ሱቅ ከሱቅ፣ ካፌ ከካፌ ጀርባና ትከሻ ገጥመው የተሠሩ በመሆናቸው የአንዱ በር 10 ሜትር ሳያልቅ የሌላው ይጀምራል። ስለዚህ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክልክል ይሆናል ማለት ነው፤ አጫሹም ተቆጣጣሪውም ይህን በሜትር ለክተው አያውቁትም። ሁሉም የሚጥሰው፣ ማንም የማይቀጣበት ድንጋጌ ደግሞ በቤት ውስጥ ያለውን፣ መከበር የሚችለውንና ያለበትን ክልከላ ክብር ይቀንሰዋል። ተቆጣጣሪዎች ያላቸውን ውስን ጊዜ ከደጁ ይልቅ በመጠጥ ቤቱና በምሽት ክበቡ ውስጥ ቢያውሉት የሚጠበቀው ሳንባ ይበዛል።

ሲጋራን በፍሬ መሸጥን የሚከለክለው ድንጋጌ ዓላማው ትክክል ነው። ሙሉ ፓኬት የመግዛት አቅም የሌለው ወጣት የመጀመሪያ ሲጋራውን የሚያገኘው በፍሬ ነውና። ሻጩ ግን ብዙ ጊዜ ሱቅ በደረቴ አንግቶ ከማስቲካና ከሶፍት ጋር ይዞ የሚዞር፣ ፈቃድም አድራሻም የሌለው ልጅ ነው። የንግድ ፈቃዱ የሚሰረዝበት ባለሆቴልና ከሣጥኑ ሌላ የሚወረስ ንብረት የሌለው ልጅ በአንድ ዓይነት ዘዴ ሊቆጣጠሩ አይችሉም። ሣጥኑን መቀማት ልጁን ያስርባል፤ ሲጋራው ግን ከጅምላ አከፋፋዩ መጋዘን ነገም ይወጣል። እዚህ ላይ ከደንብ አስከባሪ ይልቅ ግብር የተሻለ መሣሪያ ይመስላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በሲጋራ ላይ ከ30 በመቶው ታክስ በተጨማሪ በእያንዳንዱ ፓኬት 8 ብር እንዲከፈል ሲደነግግ፣ ያለ አንዳች ሩጫ በየመንደሩ የሚሸጠውን የፍሬ ዋጋ ጭምር የሚነካ እርምጃ ነበር። ጉድለቱ የብር መጠኑ በቁርጥ የተቀመጠ በመሆኑ ዋጋ ሲንር በየጊዜው ካልታረመ ኃይሉ የሚያንስ መሆኑ ነው። ከልክ በላይ ከፍ ካለም በድንበር የሚገባውን ኮንትሮባንድ ይጋብዛል፤ ቡታን ያየችውን ማለት ነው።

ስለ ግብር ከተነሳ የመንግሥት ድርሻ ራሱ መታየት አለበት። ኒያላን የሚያመርተው ብሔራዊ የትምባሆ ድርጅት ለአሥርት ዓመታት በዋናነት የመንግሥት ንብረት ሆኖ ቆይቷል። በአንድ እጅ ሲጋራ የሚሸጥ በሌላው የሚከለክል መንግሥት አጫሹ ፊት የሚያቀርበው ምክንያት አሳማኝነት ይጎድለው ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2016 የድርጅቱ 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ለጃፓን ቶባኮ ኢንተርናሽናል ተሸጠ። በቀጣዩ ዓመት የኩባንያው ድርሻ ወደ 71 በመቶ ገደማ ከፍ ብሏል። አዋጁ የጸደቀው ከዚህ ሽያጭ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ቅደም ተከተሉ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና ባለአክሲዮን ያልሆነ ተቆጣጣሪ ከባለአክሲዮኑ ይልቅ ነጻ እንደሆነ አያጠራጥርም።

በቤት ውስጥ ያለውን ክልከላ በተመለከተ ግን የሚቀር ክርክር ያለ አይመስልም። እዚህ የሚቀረው ማስፈጸም ሲሆን፣ ይህም በመጀመሪያ የሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ነው። ባለጉዳይ በሚሰለፍበት ኮሪደር፣ በመዝገብ ቤት፣ በስብሰባ አዳራሽ ጀርባ ባለው ክፍል የተለኮሰ ሲጋራ በአዋጁ ፊት ከምሽት ክበቡ የተለየ አይደለም። ሕጉ የቦታው ኃላፊ ማጨስ ክልክል መሆኑን የሚያመለክት ምልክት በግልጽ እንዲለጥፍና ክልከላውን እንዲያስከብር ይጠብቅበታል። ጽዳት ሠራተኛዋ የመምሪያ ኃላፊውን "እዚህ አይጨስም፣ ጌታዬ" ለማለት እንደማትደፍር ግልጽ ስለሆነ፣ በበታች ሠራተኛ ላይ የሚጣል ኃላፊነት አይሠራም። በብዙ ቢሮዎች የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ መተርኮሻ ተቀምጦ ከግድግዳው ላይ ደግሞ የክልከላው ምልክት ተለጥፎ ሲታይ፣ እንግዳው የሚያምነው መተርኮሻውን ነው። ምልክቱን ለመለጠፍ በጀት ይጠየቅ ይሆናል፤ መተርኮሻውን ለማንሳት ግን የኃላፊው ቃል ይበቃል።